የኋላው ነፋስ

መካኒኩን ሞተረኛ ሁሉ «ለስንት» ነው የሚለው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ እየረሱት ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከአመሉ ነው። ሌላው መካኒክ የሞተር የፊት መስታወት፣ ነፋስ መከላከያውን ማለት ነው፣ ሲገጥም ብሎኑን ጠበቅ ጠበቅ ያደርግና «በል ሂድ» ይላል። እሱ ግን ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ለስንት ሰው ነው?» ሳይል አይጀምርም። ብቻህን ነው የምትነዳው ወይስ ከኋላ ሰው ትጭናለህ? ይህን ሳይሰማ ሞቶ ይገኛል እንጂ አንዲት ብሎን አይነካም።

እንግዲህ ይህ ሰው፣ ላገኘው ሞተረኛ ሁሉ ሲጠይቅ የኖረውን ጥያቄ አንድን ሰው ሳይጠይቅ ቀረ። ያውም የገዛ እህቱን ባል!

እህቱ ታላቁ ነበረች። ያሳደገችውም እሷው ናት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ እንደ ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ሰው። ልጅ አልወለዱም፤ ሞተራቸውን ግን እንደ ልጅ ነው የያዟት። ሱቁን ዘግቶ ሲመለስ ሚስቱ ከኋላው ናት። ገበያ ሲሄድ ከኋላው ናት። ሲጣሉ እንኳ ከኋላው ናት፤ ልዩነቱ ያን ቀን ወገቡን ትታ የወንበሩን ብረት መያዟ ነው።

መስታወቱ መጀመሪያ የተገጠመ ዕለትማ ለስንት እያወቀም ቢሆን ጠይቆ ነበር። «ለስንት ሰው ነው?»

«ወይ ጉድ!» አለች እህቱ፣ የኋላውን ወንበር በጥፊ እየመታች። «ለሁለት ነዋ! ወንድሜ ነህ ብዬ አልምርህም፣ እኔን ረስተህ ብትለካ ወየውልህ!»

ከዚያ ወጥታ ከባሏ ኋላ ተቀመጠች። ሞተሯ በኋላ በኩል ዝቅ አለች። ለስንትም የመስታወቱ ጫፍ ከልብስ ሰፊው አፍንጫ እስኪስተካከል ድረስ ከፍ አደረገው፤ ትንሽም ወደ ኋላ አጋደለው። ሞክረውት ሲመለሱ ሚስት ከኋላ ሆና «እንቅልፍ ወሰደኝ እኮ!» አለች። ባል ደግሞ «እሷን ያስተኛ መስታወት ምን ይወጣለታል!» ብሎ አሳቃቸው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ታመመች፤ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከቀብሩ በኋላ ሁለቱ ወንዶች ስለ እሷ አንድም ቃል አልተነጋገሩም። አንዱ ሌላውን እንዳያስለቅስ ይፈራል። ሆድ ይፍጀው አሉ።

ወሩ ሳይሞላ ልብስ ሰፊው ሞተሯን እየነዳ ጋራዡ በር ላይ ቆመ።

«አንተ ልጅ» አለ። የለስንት ጸጉር ሸብቷል፤ ለእህቱ ባል ግን ዛሬም ልጅ ነው። «ይህ መስታወትህ ተበላሽቷል። ነፋሱ ማጅራቴን ይደቃዋል። ጀርባዬ ቀዝቅዞ ነው የምገባው።»

«መስታወት ምኑ ይበላሻል ጋሼ? ብሎኑ ላልቶ ይሆናል፤ ይግቡ እስቲ።»

ገባ። ለስንት እጁን በጨርቅ ጠረገ። ጥያቄው ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ። ቀና ሲል የኋላውን ወንበር አየው፤ የእህቱ የሱፍ ምንጣፍ አሁንም ላዩ ላይ ታስሯል። ጥያቄውን ዋጠው፤ ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ።

ልብስ ሰፊው ተመልሶ መጣ። ለስንት የላስቲክ ማስደገፊያዎቹን ቀየረለት። ደግሞ መጣ። ለስንት መስታወቱን ይበልጥ ከፍ አደረገው፤ ጭራሽ ባሰበት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ለስንት ከሩቅ አይቶ በሽታውን በነገረው ነበር። ለዚህ ሰው ግን ዓይኑም ጆሮውም ተደፈነ። ለምን ቢሉ፣ ከጠየቀ መልሱን መስማት አለበት፤ ያን መልስ ደግሞ አልፈለገም።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ሞተሯን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ሄልሜቱን አወለቀ።

«በቃኝ» አለ። «ገዢ ፈልግልኝ።»

ለስንት የያዘውን ቁልፍ አስቀመጠ። ሞተሯ ከተሸጠች ይህ ሰው ምን ብሎ ጋራዡ በር ላይ ይቆማል? እህቱን በልጅነቷ፣ በሳቋ፣ በቁጣዋ የሚያውቃት ሌላ ሰው የለውም። እሷ ሄዳለች፤ አሁን ደግሞ እሱም ሊሄድበት ነው። ይህን በቀጥታ መናገር ሲገባው ንዴት ቀደመው።

«አንዲት መስታወት ናት እኮ ጋሼ! መስታወት አልመች አለኝ ብሎ ሞተር የሚሸጥ ማን አለ?»

«እኔ የሰፋሁት ሱሪ ደንበኛውን ጠብቦ ከያዘው እፈታዋለሁ፤ ጥፋቱ የእግርህ ነው አልለውም!»

«እንግዲያው የራስዎን ኮት ይፍቱት! ሰፍቶዎት እንደ ጆንያ ይርገበገባል፤ ነፋስ የሚገባው በሱ ነው!»

ተናግሮ ሳይጨርስ ጸጸተው። ኮቱ የሰፋው ሰውየው ስለከሳ ነው። ልብስ ሰፊ ሆኖ የራሱን ኮት ያላጠበበው፣ ብላ ጠጣ የሚለው ሰው ስለሌለ ነው። ልብስ ሰፊው ኮቱን ቁልቁል አየ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ለስንት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቅር ይበሉኝና ሞተሯ ላይ ይውጡ፤ እርስዎ ይንዱ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ልየው።»

ወጡ። ለስንት የእህቱ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ሞተሯ በኋላ በኩል ዝቅ አለች። መንደሩን አልፈው ሰፊው መንገድ ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊው ነዳጅ ሰጣት።

«አንተ ልጅ! ቆመ!»

«ምኑ ነው የቆመው?»

«ነፋሱ ነዋ! ቀጥ አለ! አንገቴን አይነካኝም፣ ጀርባዬም ሞቀኝ! ምን አድርገህ ነው?»

ምንም አላደረገም። ለስንት አፉን ሊከፍት ሲል የልብስ ሰፊው ግራ እጅ መሪውን ለቀቀ። ወደ ኋላ መጣና የተቀመጠውን ሰው ጉልበት መታ መታ አደረገ፤ በቀስታ፣ ተመቸሽ ወይ እንደማለት። ዕድሜውን ሙሉ መንገዱ ሲቀናለት የሚያደርገው ነገር ነው። ጉልበቱ ግን የወንድ ጉልበት ነው፣ ሱሪው በግራሶ የጠነከረ። እጁ እዚያው ቀዝቅዞ ቆየና ቀስ ብሎ ወደ መሪው ተመለሰ።

ልብስ ሰፊው ሞተሯን ዳር አስይዞ አቆማት። አልወረደም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለስንት ከኋላ ሆኖ አየው፤ የእሱም እንባ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። አንዱ የሌላውን ፊት ሳያይ፣ እንደተቀመጡ፣ በግልጽ አለቀሱ። መኪናዎች ያልፋሉ። አንድ ሾፌር ነዳጅ የጨረሱ መስሎት ጡሩምባውን ነፍቶ «ልርዳችሁ?» አላቸው። ለስንት በእጁ ሸኘው።

«መስታወቱ ደህና ነው ጋሼ» አለ ኋላ ላይ፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ። «መስታወት ነፋስን ያዞረዋል እንጂ አያጠፋውም። ከጀርባዎ ባዶ ቦታ ካገኘ ዞሮ በዚያ ይገባል። እዚያ ቦታ ላይ ሰው ስለነበረ አይገባም ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

«ብጠይቅዎ ኖሮ አውቅ ነበር። አልጠየቅኩም።»

«እኔስ መቼ ነገርኩህ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ ልብስ ሰፊው። «ጀርባዬ ለምን እንደቀዘቀዘ የጠፋኝ ይመስልሃል? አንተ በቁልፍህ ያን ሙቀት ትመልስልኝ ይሆናል ብዬ ነው የተመላለስኩት። ሞኝ ሽማግሌ ነኝ!»

ጋራዡ ሲመለሱ ለስንት መድኃኒቱን ነገረው። መስታወቱን ዝቅ ማድረግ፣ ከሥሩም ክፍተት መተው። ነፋሱ ደረቱን ይመታዋል፣ ጀርባው ግን ያርፋል። መሸጥም ከፈለገ ገዢ እንደሚፈልግለት፣ ሳይወድ ተናገረ።

«መሸጡ ይቅር» አለ ልብስ ሰፊው። «ሥራህን ሥራ።»

ለስንት ጨርቁን አነሳ። እጁን ከሚገባው በላይ አብዝቶ ጠረገ። ከዚያ ጠየቀ።

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለሁ...» አለና ልብስ ሰፊው ቆመ። አፉ የለመደውን ሊናገር ነበር። የኋላውን ወንበር አየው፣ ምንጣፉን በመዳፉ ዳሰሰው። ዞር ብሎም የሚስቱን ወንድም ዓይን ዓይኑን እያየ መለሰ።

«ለአንድ። ለአንድ አድርገው፣ ወንድሜ።»

ለስንት ቁልፉን ብሎኑ ላይ ሊያስገባ ሞከረ፤ አንሸራተተው። ደግሞ ሞከረ። እንባው አላሳይ አለው።

«ወዲህ በል» አለ ልብስ ሰፊው። «የኔ ዓይን መርፌ ለምዷል።»

ቁልፉን ወሰደና ብሎኑን ራሱ ፈታው። ለስንት እንዳይወድቅ መስታወቱን ከላይ ያዘለት። ሁለቱም እያለቀሱ፣ ቀስ አድርገው ወደ ታች አወረዱት።