የማግኖሊያ ቅጠል ሽታ

ባሏ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ያመጣው ሕክምናውን ከጀመረ ወዲህ ነው። መጀመሪያ የሚጠበስ ሽንኩርት ጠላ፣ ቀጥሎ ሳሙና፣ ቀጥሎ የታጠበ አንሶላ። ሐኪሟ መድኃኒቱ አፍንጫን እንደሚያስቆጣ ነገረቻቸው፤ ስትሰናበታቸውም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን አብራችሁት ሁኑ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የጠየቃት የለም።

ሚስቱ ሽንኩርቱን ከቤት አስወጣች፣ ሳሙናውን ጣለች፣ አንሶላውን በውሃ ብቻ አጠበች። የቀረችው እሷ ነበረች።

ሥራዋ ሽቶ መቀመም ነው። ማግኖሊያ የሚባለው ዛፍ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስበው አበባውን ነው፤ እሷ ግን የቅጠሉ ሰው ናት። ያ ወፍራም ቅጠል፣ ላዩ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቀው፣ በእንፋሎት ሲነጠር የሚሰጠው ዘይት አረንጓዴ አረንጓዴ፣ እንጨት እንጨት ይላል። ከሥሩ የደረቀ ሻይ ቅጠል አለው፤ አበባው ደግሞ እንደ ሩቅ ዘመድ አንዴ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ሽቶ ውስጥ አበባና እንጨት አልስማማ ሲሉ ሽማግሌ ሆኖ የሚያስታርቃቸው ይኸው ዘይት ነው። ዕድሜዋን በእሱ ላይ አሳልፋለች። ባሏም በደጉ ጊዜ «ቅጠሌ» ይላት ነበር፤ በሩን ሳትከፍት መምጣቷን ያውቅ ነበርና።

አሁን ያው ሽታ ያስመልሰው ጀመር። የሥራ ልብሷን እዚያው ሥራ ቦታዋ እየተወች፣ እዚያው እየታጠበች መምጣት ጀመረች። ሽታ የሚይዘው ፀጉር ነው ብላ ፀጉሯን በመቀስ ቆረጠችው። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ዘይቱን የሚመዝንላትን፣ ከቁመቱ ማጠር የተነሳ «ጠብታ» የሚሉትን ባልደረባዋን ጠራችው።

«እስቲ አሽትተኝ።»

«ባለትዳር ሴት እንዲህ ስትለኝ ሰው ቢሰማ?»

«ቀልዱን ተወውና አሽት።»

ጠብታ አንገቷ ሥር ጠጋ ብሎ፣ ወረቀት ላይ የተነከረ ዘይት እንደሚሞክር ሁሉ በቀስታ ሳበ። ዓይኑን ጨፈነ። «ባዶ ነሽ። እንደ ታጠበ ብርጭቆ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አፍንጫዬን ካላመንሽው እዚህ ምን አስቀመጠኝ?»

እሷም ክንዷን አሸተተች። ምንም የለም። መንገዱን እንዴት እንደጨረሰችው አታውቅም፤ ቤት ስትደርስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባሏ ሊስቅላት ሞከረ፤ ወዲያው አፉን ይዞ ወደ ሳህኑ ተጎነበሰ። ስታስታምመው የነበረችው ታላቅ እህቱ በክርኗ ገፋ አድርጋ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት።

«ታጥቤ ነው'ኮ የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ታጥበሻል።»

«ጠብታም ምንም የለብሽም አለኝ።»

«እሱስ ከየት አባቱ ያውቀዋል? እዚያው ጠርሙስ ውስጥ አይደል የሚኖረው? አትቀየሚኝ እንጂ፣ ገና ከደረጃው ሥር ሳለሽ ሽታሽ ይሰማኛል። ክፉ ሽታ አይደለም። ገና የተቆረጠ ዛፍ ነው የምትሸቺው።»

ቀማሚዋ ግድግዳውን ተደገፈች። አፍንጫ በለመደው ሽታ ላይ እንደማይመሰክር ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ የምታስተምረው ራሷ ናት። ለጠብታ ሲሆን እንዴት እንደረሳችው እንጃ። ዕውር ዕውርን ቢመራ ይሏል ይኼ ነው።

ሥራ አቆመች። ቅጠሉ ግን በቆዳዋ ውስጥ ያደረ ይመስል አለቅም አለ። እትዬ ጠዋት ጠዋት ተጠግታ ታሸታትና ራሷን ግራና ቀኝ ትነቀንቃለች፤ እሷም በርጩማዋን ይዛ ኮሪደሩ ላይ፣ ገርበብ ካለው በር አጠገብ ትቀመጣለች።

«ትራሱን ይገልብጡለት እትዬ። ቀዝቃዛውን ጎን ይወዳል።»

«ገለበጥኩት።»

«ከንፈሩንም በጥጥ ያርጥቡት፤ ግን እንዳያንቀው ቀስ ብለው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍንጫውን እየጠረግኩ ያሳደግኩት እኔ ነኝ'ኮ።»

ከውስጥ የደከመ ሳቅ ተሰማ። «ሁለት አለቃ ለአንድ በሽተኛ» አለ ባሏ።

በየቀኑ ሳቁ እያነሰ ሄደ። እጆቹን በበሩ ክፍተት ታያቸዋለች፤ ብርድ ልብሱ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ተጥለዋል። የሚዳብሳቸው የእህቱ እጅ ነው። እሷ የራሷን እጆች ጉልበቷ መሃል ጨምቃ ትይዛለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ሳለ ባሏ ጠራት።

«ነይ ግቢ።»

«ይቅርብህ።»

«ዛሬ ደህና ነኝ። ለቆኛል አልኩሽ።»

ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጁን ያዘችው። ቀሎ ነበር።

«ፀጉርሽን ማነው እንዲህ ያበላሸው?»

«ራሴ ነኝ።»

«ያስታውቃል» አለና ፈገግ ብሎ ትክ ብሎ አያት።

እንደዚያ ሆነው ቆዩ። እሷም ቀና ብላ ፊቱን ልትጠግብ አየችው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ የግንባሩ ጅማት ተገትሯል፣ ከንፈሩ ተጣብቋል። ደረቱ ላይ ያለው ብርድ ልብስ አይንቀሳቀስም። ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ፈገግታው ግን ከፊቱ አልወረደም።

እጁን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«ውሃ ጥጄ ረስቼው» አለች።

ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም። እሱም እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀላት። ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችና እዚያው ቆመች። ከውስጥ ትንፋሹ ወጣ፤ ከዚያ ጉሮሮውን እየፋቀ ገባ፣ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ገባ።