ከደብተሩ የጎደለው ገጽ

የሺመቤት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን፣ እዚያ መኽዘን በሚሉት፣ ጆንያ ትሰፋ ነበር። ጎንደርን ጥላ ከወጣች አምስት ዓመት ሆኗታል። ጁምዓ ጁምዓ መኽዘኑ ሲዘጋ ከኢስሃቅ ሱቅ አትጠፋም። ኢስሃቅ ያገሯ ሰው ነው፤ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠልና ባትሪ ይሸጣል። ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ በመተማ በኩል በጭነት መኪና የሚገቡ የአማርኛ መጻሕፍትና እየተገለበጡ የደከሙ ካሴቶች ነበሩት። ለሚያምነው ሰው ያውሳል።

የሺመቤት ያገኘችውን ታነባለች፣ ያገኘችውን ታደምጣለች። ስትመልስ ደግሞ የተሰማትን ሳታለሳልስ ትናገራለች። ሰዉም ይህን ስለለመደ፣ እሷ ሳትፈርድ መጽሐፍ የሚወስድ ጠፋ።

«የሺ፣ ወላሂ አፌ ዛለ» አላት ኢስሃቅ አንድ ቀን። «ሁሉም ‹የሺመቤት ምን አለች?› ነው የሚለኝ። በጽሑፍ አድርጊልኝና ልገላገል።»

አንድ ደብተር በሲባጎ አስሮ ከሚዛኑ አጠገብ አንጠለጠለላት። እሷም ጻፈች። «የክራሩ ካሴት፦ አንደኛው ፊት ያስለቅሳል። በሁለተኛው ፊት ዘፋኙ ራሱ የሰለቸው ይመስላል፤ ባትሪያችሁን አትጨርሱ።» «የመርማሪው ልብ ወለድ፦ ገዳዩን እኔ በዐሥረኛው ገጽ ለየሁት። መርማሪው መቶ ሃያ ገጽ ፈጀበት።» ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሁሉ ደብተሩን ገልጦ ስቆ ይሄድ ጀመር።

ካሣ የሚባለው ሰው የመጣው በ1975 ዓ.ም. ክረምት፣ ጭቃው መኪና በሚይዝበት ሰሞን ነው። ቀጭን፣ መነጽሩን በክር ያሰረ ሰው ነበር። ደባርቅ አስተማሪ ነበርኩ ይላል። በዚያ ወቅት በስደተኛው መካከል አንዱ ሌላውን አያምንም። የደርግ ጆሮዎች ድንበር ተሻግረው ገብተዋል ይባላል፤ ከዚያው ሰፈር አንድ ሰው ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ገላባት ብሎ ከወጣ ሳይመለስ ሁለት ወር አልፎት ነበር።

የሺመቤት ካሣን በደንብ ያየችው በደብተሩ ምክንያት ነው። ሰውዬው መጽሐፍ አያወርድም፣ ካሴት አይጠይቅም። ደብተሩን ብቻ ይዞ ይቆማል።

«ይህን የሚጽፈው ማነው?» ብሎ ጠየቀ ኢስሃቅን፣ እሷ እዚያው ቆማ።

ኢስሃቅ የሻይ ቅጠሉን መቋጠሩን ቀጠለ። እሷም ወደ ካሴቶቹ ዞረች። ሰው ለምን የተጻፈውን ትቶ ጸሐፊውን ይጠይቃል?

ያን ዕለት ለአስናቀው ነገረችው። አስናቀው በእህል ገበያው መዛኝ ነው፤ ዕድሜውም ቃሉም የሚከበር የደባርቅ ሰው። በማግስቱ ካሣን አግኝቶ ወሬ እያስመሰለ ስለ ደባርቅ ጠየቀው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ይህ ሰው ደባርቅን በመኪና መስኮት እንኳ አላያትም» አላት። «ቤተ ክርስቲያኑ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ተጠንቀቂ፣ እቴ።»

በሳምንቱ ከደብተሩ አንድ ገጽ ተገንጥሎ ተገኘ። የሺመቤት የጎደለውን ገጽ ቁጥር አይታ ምን እንደነበረበት አስታወሰች። በዚያ ገጽ ላይ ስለ አንድ የሰልፍ መዝሙሮች ካሴት ጽፋለች፦ «አንድ ቃል ሃያ ጊዜ ይደጋገማል። ዘፋኝ ሳይሆን ካድሬ ነው የሚጮኸው። አገር እንዲህ አይወደድም።» የእጅ ጽሑፏ ነው። ወንድሟ ደግሞ ገና ጎንደር ነው፤ በየሳምንቱ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስሙ ይጠራል።

«ገጼ ጠፋ! ገጼን ወሰዱብኝ!» ብላ ሱቁ ውስጥ ጮኸች። ሰው ሁሉ ሰማ።

ጁምዓ ከሰዓት በኋላ አስናቀውና ሦስት ሰዎች ካሣ ወደተከራየበት ግቢ ሄዱ። የሺመቤትም ተከተለች። የቆርቆሮ ሳጥኑን ከፈቱት። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ምላጭ፣ ከሸሚዙ ሥር ደግሞ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት። አስናቀው ዘርግቶ አየና ለሁሉም አሳየ።

«ይኸው። አሁንስ ምን ትላለህ?»

ካሣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። አንደኛው ሰው ክንዱን ጠመዘዘው። «ለማን ልትሰጠው ነው? ተናገር!»

«ለእሷ ብቻ ነው የምናገረው» አለ ካሣ። «እያያችሁን ይሁን፤ ብቻ አትስሙን።»

ሰዎቹ ተያዩ። አስናቀው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ የሺመቤትና ካሣ ከግቢው መሐል ካለው የሣር ዳስ፣ ራኩባ ከሚሉት ሥር ቆሙ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «የወሰድኩት ስለ ካሴቱ አይደለም። ጀርባውን ያንብቡት።»

ጀርባውን ረስታው ነበር። ገልብጣ አየችው። ሽፋንም የመጨረሻ ገጽም ስለሌለው ልብ ወለድ የጻፈችው ነው፦ «የአንድ ሸማኔና የልጁ ታሪክ ነው። በቅሎዋ ወንዝ የምትሻገርበትን ሁለቴ አነበብኩት፤ ውኃው እግሬን ቀዘቀዘኝ። አባትየው ሲሞት ግን ልጁ ሦስት ገጽ ሙሉ ንግግር ያደርጋል። ይህን የጻፈ ሰው አባቱን አልቀበረም። ቀብር ላይ አፍ ይደርቃል እንጂ እንዲህ አይናገርም።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ካሣ። «ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ደርጎች ወረሱት። ያመለጠው ጥቂት ነው። ስሜም ካሣ አይደለም። አንድ ሰው እንኳ አንብቦታል ብዬ አላውቅም ነበር። እዚህ ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነው ያገኘሁት።»

የሺመቤት አላመነችውም። ሽፋን የሌለው መጽሐፍ የማንም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ታሪክ ማንም ብልህ ሰላይ ሊያወጣው ይችላል።

«መጨረሻው ምንድን ነው?» አለችው። «የጠፋው ገጽ ላይ ምን አለ?»

ካሣ አንገቱን ደፋ። «ልጁ ወደ ገበያው ይመለሳል። ሰዉን ይሰበስብና ስለ ትዕግሥት ይናገራል።»

«ከዚያስ?»

«ያጨበጭቡለታል።»

«በገበያ ቀን? ሰው በግ ይዞ፣ እህል ዘርግቶ?»

«አዎ» አለ፤ ፊቱ ቀላ። «ሁሉም ያጨበጭባሉ።»

አየችው። ሊያታልላት የመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ይፈጥር ነበር። ይህ ግን የዚያው ንግግር ወዳድ ደራሲ ጥፋት ነው፤ እጁ ይታወቃል።

«አባትዎንስ?»

«አልቀበርኩትም» አለ። «ሲሞት ታስሬ ነበር። እርስዎ በምን እንዳወቁ ሌሊት ሌሊት አስባለሁ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ መሆኔ ከተሰማ አለቀልኝ። ለነዚህ ሰዎች አይንገሩብኝ።»

ሰዎቹ ከሳጥኑ አጠገብ እየጠበቁ ነው። አንደኛው ዱላ ይዟል። የሺመቤት ወረቀቱን አጥፋ ወደነሱ ተመለሰች።

«ልቀቁት» አለች። «ገጹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ረስቼው ነው።»

ይህች ሴት ለማንም ብላ የማታምነውን ተናግራ አታውቅም። አስናቀው ዓይኗን ፈልጎ አጣው።

«ረስተሽው? ያን ያህል ጮኸሽ?»

«ረስቼው ነው አልኩ እኮ።»

ለቀቁት። ካሣ በሁለተኛው ቀን ወደ ካርቱም በሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፈረ። ወረቀቱን መልሳ ሰጥታው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የሺመቤትን በሌላ ዓይን ያያት ጀመር። ከሰላዩ ጋር ምን ተነጋገረች? ምን ተሰጣት? ሱቁ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ኢስሃቅ ደብተሩን ፈትቶ አስቀመጠው። «አንቺን ጠልቼ አይደለም» አላት። «ሰው ገጽ የሚያገላብጠው አንቺን ለመሰለል ሆነ።» እሷም ነገሩን ብታስበው መላ አጣችለት፤ እውነቱን ብትናገር ኖሮ እሷን ይተዋት ነበር፣ እሱ ግን ማንነቱ ተሰምቶ ያልቅለት ነበር። አንዳንድ ቀን ደግሞ መርፌውን ጆንያው ላይ ሰክታ ትቆማለች። ዋሽቶኝ ቢሆንስ? ያ መጨረሻ ሆን ተብሎ የተበላሸ ቢሆንስ?

ሰሊጡ ታጭዶ መኽዘኑ ሲሞላ አስናቀው መጣ። ሠራተኛው ለምሳ ወጥቶ እሷ ብቻዋን ትሰፋ ነበር። ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«የሺመቤት፣ ያ ሰው ማን ነበር?»

«አልነግርህም፣ አያ አስናቀው።»

«ለእኔም?»

«ለአንተም።»

ቅር ያለው መስሏት ነበር። ኋላ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ «እንግዲያው ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ቀስ ብለሽ ስፊ፤ ክሩን አታጥብቂው» አላት።