ከአጥሩ ወዲህ

«የሱቁ መስኮት የሚከፈተው ወደ መንገድ ነው። እሱን ከፍቶ መሸጥ ከግቢ እንደመውጣት ነው» አለ ኦሙጋ፣ የሟች ታናሽ ወንድም። ድንኳኑ ስር የተቀመጡት ሽማግሌዎች በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አፖንዲ መሬት ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ባሏ ኦጎላ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። በሕዝባቸው በሉዎዎች ወግ ባሏ የሞተባት ሴት አራቱ ቀን ሳይሞላ ከአጥር አትወጣም። የባንኩ ሠራተኛ ደግሞ ነገ ጠዋት ሱቁን ልታይ እዚህ ቦንዶ ትመጣለች። ብድሩ መንግሥት ራሱ ዋስ የሚሆንበት፣ የመሬት ካርታ ለሌላቸው ባለሱቆች የመጣ ነው፤ ሱቁ ተከፍቶ ሲሸጥ ካልታየ ግን ዋስትናው የለም። የተበዳሪዎቹ ዝርዝር አርብ ይዘጋል። ነገ ተዘግቶ ከተገኘ ለብድሩ የለፉትን የአሥራ አንድ ወር ልፋት ውሃ በላው።

ስለ ሱቁ ሁሉም ያወራል፤ እሷን የጠየቃት የለም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ሆና ብቻዋን ነበረች። አንድ ሰው ብቻ ነበር ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚላት፤ እሱንም ትናንት ቀበሩት።

የብድሩን ማመልከቻ ሲሞሉ ተጣልተው ነበር። ኦጎላ የባለቤት ስም በሚለው ቦታ የእሷን ስም ጻፈ።

«ሰው ምን ይላል? በገዛ ሱቁ ስም የሌለው ወንድ!» አለችው።

«የኔ ፊርማ እኮ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ባንኩን ላስደንግጠው?» ብሎ ሳቀ።

ሁለት ቀን አኮረፈችው። ከዚያም በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃ ላምጣ ብሎ ኪሱሙ ወርዶ ለምን ባዶ እጁን እንደሚመለስ እንኳ አልጠየቀችውም። የኪሱሙ ሆስፒታል ካርዱን ያገኘችው ከሞተ በኋላ፣ ከስኳሩ ጆንያ ስር ነው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ማመልከቻውን ከመሙላታቸው በፊት ነበር። እንደማይተርፍ አውቆ ነው ስሟን የጻፈው። እሷ ግን አኮረፈችው።

«ኦሙጋ» አሉ አማቷ ከምንጣፋቸው ሳይነሡ። «የባንኮኒው እግር የት ነው የተተከለው?»

«ከአጥሩ ወዲህ ነው፣ እማዬ።»

«እሷስ የት ቆማ ነው የምትሸጠው?»

«ወዲህ ነው፤ ግን እኮ እጇ ወደ ውጭ...»

«እጅ ብቻውን ሰው ቤት ሲሄድ አይተህ ታውቃለህ? በል ተወኝ።»

ከኋላ አንዱ ሳቁ አምልጦት በሳል ሸፈነው።

በማግስቱ አፖንዲ መስኮቱን ከፈተች። የባንኩ ሠራተኛ መደርደሪያውን ፎቶ አንሥታ ወረቀቷን አወጣች።

«የሱቁ ባለቤት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ይኼኔ አንዲት ጎረቤት ቀረብ ብላ፣ ዓይኗን ከአፖንዲ አሽሽታ ግማሽ ሳሙና ጠየቀች። ረጅሙን ሳሙና በሽቦ የሚቆርጠው ሁልጊዜ ኦጎላ ነበር። ከመቁረጡ በፊት ለመለካት አውራ ጣቱን የሚያሳርፍበት የባንኮኒው ጠርዝ ከጊዜ ብዛት ጎድጉዷል። ሲያዛንፍ ትልቁን ለገዢ ይሰጣል፤ አፖንዲም «ልታከስረን ነው» እያለች ትጨቀጭቀው ነበር።

አፖንዲ ቆረጠችው። ተዛነፈ። ትልቁን ለጎረቤቷ ገፋ አደረገችላት። ከዚያ አውራ ጣቷን ጉድጓዱ ላይ አሳረፈች፤ ሰፋት። ሠራተኛዋ ጽፋ እስክትጨርስ ድረስ ጣቷን ከዚያ አላነሣችም።