ያልተጠማው ቀርከሃ

በእናቷ በረንዳ ላይ፣ ባልዲ ውስጥ የተተከለው ቀርከሃ እንደ አዲስ ምልምል ወታደር ተላጭቶ ቆሟል። ተመራማሪዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ባልዲውን ዞረችው። አንድም ጫፍ አልተረፈም፤ ሁሉም በመቀስ ተከርክሟል።

ዛሬ ጠዋት በምርምር ተቋሙ ግቢ ያለው ቀርከሃ አብቦ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃዋለች። የባልዲውም ከዚያው ሥር ተከፍሎ የመጣ ነው። ቀርከሃ የሚያብብበትን ጊዜ የሚቆጥረው በዘረ-መሉ ነው፣ ከአንድ ሥር የተከፈለ ሁሉ የትም ቢተከል ቀኑን አይስትም ባይ ናት። ኃላፊዋ ሳቀባት። ቀርከሃ ግድግዳው ላይ ቀን መቁጠሪያ ይሰቅላል ወይ ብሎ፣ የግቢው ያበበው ዝናቡ ቀርቶ ውሃ ስለጠማው ነው አላት። ሥራዋን የሚዘጋው ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የቀረው ፊርማ ብቻ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠምቶት የማያውቅ አንድ ያበበ ቀርከሃ ካላመጣች ይፈርማል።

ጠምቶት የማያውቅ ካለ ደግሞ ይሄ የባልዲው ነው። እናትየው ከራሷ ቁርስ በፊት እሱን ነው የምታጠጣው።

«እማ፣ ይሄን ማን ነካው?»

እኔ ነኝ አለች እናትየው ከሳሎን፣ ቅንጣት ሳታፍር። አንቺ ሁለት ሳምንት ብቅ ሳትዪ ገለባ የመሰለ ቆሻሻ አወጣ፣ እንግዳ ቢመጣ ምን ይለኛል ብዬ ጠዋት ከረከምኩት አለች። የቆሻሻ መኪናውስ? አለች ልጅቷ። አልፏል፣ ሰዓት ሆነው አለች እናትየው።

ልጅቷ በሩን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። መቼስ የቀርከሃን አበባ ማን አበባ ይለዋል። መልክ የለው፣ ሽታ የለው፤ ሲያብብ የታመመ ነው የሚመስለው።

ቀና ስትል እናቷ ወንበር ላይ ቆማ የጣሪያውን ሸረሪት ድር ትጠርጋለች። መጥረጊያው በክር የታሰረ ገለባ ነው። በጠረገች ቁጥር ሻሿ ላይ ቢጫ ብናኝ ይወርዳል።

«እማ፣ ባለሽበት ቁሚ። እንዳትተነፍሺ።»

«ሸረሪት ነው?»

«አበባ ነው። ቤቱን በአበባ ነው የምትጠርጊው።»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ኃላፊው ፊት ነበሩ። እናትየው መጥረጊያዬን ለማንም አላውስም ብላ ይዛው መጥታለች። ሰውየው በማጉያ መነጽር አየ። መነጽሩን ወልውሎ እንደገና አየ።

«እናቴ፣ ይሄ ቀርከሃ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ሳያገኝ ውሎ ያውቃል?»

«እኔ ቤት?»

የተሰደበች ነው የመሰላት። ስለ ልጅ አስተዳደጓም ጨምራ ልታስረዳው ስትል፣ ሰውየው ደብዳቤውን ለሁለት ቀደደውና ስልኩን አነሳ። ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ፣ በመስታወት ቤት ውስጥ፣ ከዚያው ሥር የተከፈለ ሦስተኛ ቀርከሃ አለ። ሂዱና ጫፉን እዩልኝ አለ፤ ድምፁንም ሁሉም እንዲሰማው ከፈተው።

በስልኩ ውስጥ የሚሮጥ ሰው ጫማ ኮሪደሩን ሲደበድብ ተሰማ። በር ተከፈተ። ኃላፊው ስልኩ ላይ አጎነበሰ።

ተመራማሪዋ ለእናቷ ወንበር ሳበችላት። ከዚያ የስልኩን መልስ ሳትጠብቅ፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት፣ የኃላፊውን ባለ መደገፊያ ወንበር ስባ፣ እግሯን አነባብራ ተቀመጠች።