የበያጁ ግራ እጅ

ድንቢጥ ቅዳሜ ከሰዓት ከቦክስ ክበቧ ስትመለስ ግራ ዓይኗ ሥር ደግሞ በልዞ ነበር። አያቷ እቴቴ እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸችም። ከመሳቢያዋ የድሮ አጉሊ መነጽሯን አወጣችና የልጅቷን አገጭ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት።

“እቴቴ ደግሞ! የጥርስ ሐኪም መሰልሽ እኮ።”

“አትነቃነቂ። ባለፈውም እዚሁ ነበር። ከዚያ በፊትም እዚሁ።”

“ቦክስ ነዋ! በትራስ የምንመታታ መሰለሽ?”

“እሱስ ገብቶኛል። ቀኝ ጉንጭሽ የማን ልጅ ሆኖ ነው ዝንብ እንኳ የማያርፍበት?”

ድንቢጥ ልትስቅ አለችና አመማት፤ ተወችው።

እቴቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጥብና ስታትም የኖረች ሴት ናት። የሰው ፊት ከነጭ ወረቀት ላይ ቀስ እያለ ሲወጣ ስታይ ስለኖረች፣ ፊት ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው ብላ ታምናለች። ፍርሃቷም የዚያኑ ያህል ነው። የጋዙን ቁልፍ ሁለቴ ሳትነካ አትተኛም፤ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ጃንጥላ ታሲዛለች። ድንቢጥን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ የልጅቷ አባት የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ “ቦክስ ልጀምር ነው” ስትላት ሦስት ቀን እህል አልወርድ ብሏት ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ልጅቷ ትሄዳለች፣ እቴቴ አታይም። ያላዩት አገር አይናፍቅም፣ ያላዩት ቡጢም አያምም ብላ ራሷን አጽናናች።

“እቴቴ፣ አሠልጣኙ ይለምንሻል” አለች ድንቢጥ በረዶ የተጠቀለለበትን ፎጣ ጉንጯ ላይ ይዛ። “ክበቡ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ሁለት ካርቶን የድሮ ፎቶ ተገኝቷል፣ ማን ማን እንደሆነ ግን የሚያውቅ ጠፋ። አብዛኛውን ያተምሽው አንቺ ነሽ ሲባል ሰምቶ ነው።”

“እኔ እዚያ እግሬን አላነሳም፤ ተነጋግረናል።”

“እሺ።”

እቴቴ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። አንድ ሰሃን አጠበች። ሁለተኛውን ሳትጨርስ፣ “ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል?” አለች።

“ምኑ?”

“ፎቶው ነዋ።”

“እኔ ምን አውቄ። ነይና እዪው።”

ሰኞ ከሰዓት እቴቴ አጉሊ መነጽሯን በመሐረብ ጠቅልላ ሄደች።

አሠልጣኙ ሰው የተቀመጠበት የሚመስል ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው፣ ድምፁ ግን እንደ መዋለ ሕፃናት አስተማሪ የለዘበ ጎልማሳ ነው። ፎቶዎቹን በጠረጴዛ ቴኒሱ ላይ ደርድሮ ጠበቃት። እቴቴ ጀርባዋን ለመለማመጃው አዳራሽ ሰጥታ ተቀመጠች። ከኋላዋ ልጆች ይዘላሉ፣ ጆንያ ይደበደባል፤ እሷ እንደሆነ ላትዞር ምላለች።

“ይሄ የዳቦ ቤቱ ልጅ ነው” አለች የመጀመሪያውን አንስታ። ሰውየው መድረኩ ላይ በጀርባው ተዘርሯል፤ የጫማው ሶል ወደ ካሜራው ነው። “እዚህ ሶሉ ላይ ያለችውን ነጥብ አየሃት? የፎቶ ቤቱ ጌታ ፊልሙን አቆሸሽሽው ብሎ ሊያባርረኝ ነበር። አጉልቼ አሳየሁት። ማስቲካ ነው!”

አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ አየ። “እውነትም ማስቲካ! እማማ፣ ማስቲካ ረግጦ ነው እንዴ የወደቀው?”

“የወደቀውስ በቡጢ ነው። ማስቲካው ግን ሰበብ ሆኖት ዕድሜ ልኩን አዳለጠኝ ሲል ኖረ።”

በሌላው ላይ ሁለት ቦክሰኞች ተቃቅፈው ይስቃሉ፤ አንደኛው የፊት ጥርሶቹ የሉም፣ ሌላኛው መሬት መሬቱን ያያል። “ጥርሱን እያፈላለገው ነው” አለች እቴቴ። “ኋላ አማች ሆኑ።” ቀጥሎ ደግሞ ከአንድ ሰው ራስ ላይ የተረጨ ላብ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ አየር ላይ ቆሞ የቀረበት ፎቶ ነበር። ይሄን ስታትም ነጠብጣቡን ለመቁጠር ሞክራ ከመቶ በኋላ እንደጠፋባት ነገረችው። አሠልጣኙ ስም እየጻፈ፣ እሷ እያጎላች፣ ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቁም። አንዳንዱን ሰው በጆሮው፣ አንዳንዱን በጫማ ማሰሪያው ለየችው።

ከዚያ ጆሮዋ አንድ ነገር ያዘ።

እቴቴ ቦክሰኛ አግብታ ኖራለች፤ የጆንያ ድምፅ ታውቃለች። ሁለት ቀላል ይመታል፣ ከዚያ ከባዱ ይከተላል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ድው! ከኋላዋ ያለው ግን ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ሦስተኛው እርጥብ ልብስ ወለል ላይ እንደወደቀ ያህል ነው። ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ላፍ። ይሄ ማነው እንዲህ የሚደክመው? ላለመዞር የማለችውን ረስታ ዞረች።

ድንቢጥ ናት። ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ ቀኝ እጇን ከፊት ዘርግታ፣ ግራዋን ወደ ኋላ ደብቃ ቆማለች።

“ይህቺን ልጅ ማነው እንዲህ ያቆማት?” አለች እቴቴ።

“እንዴት እማማ?”

“ከባዱን እጇን ከፊት አድርጋለች እኮ!”

“ግራኝ ናት አይደል እንዴ?” አለ አሠልጣኙ። “የመጣች ቀን ነው የነገረችኝ፤ ‘ከአያቴ የወረስኩት ነው’ ብላ።” በእጁ ግድግዳውን አመለከተ።

ግድግዳው ላይ፣ በክፈፍ፣ የክበቡ ኩራት የሆነው ፎቶ ተሰቅሏል። የእቴቴ ሟች ባል፣ በሥራው በያጅ ስለነበረ በቦክሱም በያጁ ይባል የነበረው፣ ግራ እጁን የተጋጣሚው አገጭ ላይ አሳርፎ፣ ሰውየው እግሮቹ ከመሬት ሊነሱ ሲል የተነሳ ነው። ያኔ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አገር ያየው ፎቶ ነው።

አሠልጣኙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እማማ፣ ከርስዎ ምን እደብቃለሁ። ልጅቷ ትጉ ናት። ግራዋ ግን ክብደት የለውም። ሁለት ግጥሚያ ተሸንፋለች። የፊታችን ቅዳሜ ማጣሪያ አለ፤ ሦስተኛ ከተሸነፈች ላሰልፋት አልችልም፤ ስትደበደብ ዝም ብዬ አላይም። የበያጁ የልጅ ልጅ ባትሆንማ እስካሁንም አልታገሥም ነበር።”

እቴቴ አጉሊ መነጽሯን መሐረቡ ውስጥ ለመጠቅለል ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች።

በያጁ ግራኝ አልነበረም። ይህን ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ግጥሚያውን በዓይናቸው ያዩት አርጅተዋል፣ ያልሞቱትም ረስተዋል፤ ፎቶ እንደሆነ ካየ ዓይን ይበልጣል። የዚያን እሑድ እቴቴ የሃያ ሦስት ዓመት ሙሽራ ነበረች። የጋዜጣው መልእክተኛ በሩ ላይ ቆሞ ቶሎ በይ ይላል፤ ፊልሙ ላይ ያለው የራሷ ባል ነው፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። የፊልም አንዱ ገጽ ያንጸባርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው፤ ደብዛዛው ወደ ወረቀቱ ካልዞረ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታተማል። ቸኩላ ተሳሳተች፤ ገለበጠችው። ጠዋት ጋዜጣውን ስታይ ነው የገባት። እሷ ስታለቅስ በያጁ ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። “ተይው! እንግዲህ የሚመጣው ሁሉ ግራዬን ሲጠብቅ ይኑራ” አለ። እውነትም ቀጣዮቹ ሁለት ተጋጣሚዎች ግራውን ሲጠብቁ በቀኙ ተሸኙ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ስለ ግራ እጁ ባነሳ ቁጥር ሁለቱ ተያይተው ከንፈራቸውን ይነክሱ ነበር። ኋላ፣ በስተርጅና፣ የበያጁ እጅ ብርጭቆ መያዝ እስኪያቅተው ተንቀጠቀጠ። ሐኪሙ የቡጢው ጣጣ ሊሆን ይችላል ያለ ቀን እቴቴ ቦክስ የሚባለውን ነገር ከነስሙ ጠላችው። ድንቢጥ ከመወለዷ አንድ ዓመት በፊት በያጁ ሞተ። ከሱ የቀረቻት፣ ሌላ ሰው ያልተካፈላት፣ ያቺ ቀልድ ብቻ ነበረች።

አሁን ታዲያ ዝም ብትልስ? ልጅቷ ቅዳሜ ትሸነፋለች፣ አሠልጣኙም በቃ ይላታል። እቴቴ ሁለት ዓመት ስትለምን የኖረችው ይህንኑ አይደል? አፏን ብትከፍት ልጅቷ በትክክለኛ እጇ ትቆማለች፤ ታሸንፋለች፤ ካሸነፈች ደግሞ ትቀጥላለች፤ አንድ ቀን የሷም እጅ ብርጭቆ ላይ ይንቀጠቀጣል። ማክሰኞ ዝም አለች። ረቡዕም ዝም አለች። ወተቱ ሁለት ጊዜ ገነፈለባት።

ረቡዕ ማታ እራት ሊሠሩ ሲሉ ድንቢጥ ድንች ትልጣለች። በቀኝ እጇ። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። እቴቴ ያቺን እጅ እያየች ሽንኩርቱን ረሳችው።

“እቴቴ፣ አያቴ ግራውን ሲወረውር ትከሻውን ነበር የሚያስቀድም ወይስ ወገቡን?”

“ምን አውቄ። ለምን ጠየቅሽኝ?”

“እንዲያው።” ቢላዋውን አስቀመጠች። “ፎቶውን አይቼ አይቼ በቃኝ። እንደሱ እቆማለሁ፣ እንደሱ እወረውራለሁ፤ አይመጣልኝም። ቅዳሜ ከተሸነፍኩ ምንም አይደል፣ አሠልጣኙ ያባርረኝ። ግን... የሱ ደም እኔ ጋ አልደረሰም ማለት ነው፣ አይደል?”

እቴቴ የልጅቷን ዓይን ስትፈራ፣ አፍንጫዋን ስትፈራ፣ ጥርሷን ስትፈራ ነበር የኖረችው። እዚህ ቦታ ልትመታ ትችላለች ብላ ግን አስባ አታውቅም። ይህን ብልዝ አጉሊ መነጽር አያሳየውም፤ ብትተወው ዕድሜ ልክ አብሯት ይኖራል።

“ሽንኩርቱ ነው” አለች ዓይኗን እየጠረገች። “ነገ ስንት ሰዓት ነው ልምምድሽ?”

ሐሙስ ከሰዓት እቴቴ ከቁም ሳጥኗ ሥር ያወጣችውን የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ክበቡ ገባች። አሠልጣኙንና ድንቢጥን ወደ መስኮቱ ጠራቻቸው፤ የግድግዳውንም ፎቶ አስወረደች።

“እንካ” ብላ አጉሊ መነጽሩን ለአሠልጣኙ ሰጠችው። “በያጁን ተወው። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን እይ። ኮት የለበሱትን።”

“አየሁ።”

“የደረት ኪሳቸው በየት በኩል ነው?”

“በ... ቀኝ።”

“የሁሉም?”

“የሁሉም። መሐረቡም እዚያው ነው።”

“ያንተስ ሸሚዝ?”

አሠልጣኙ ደረቱን ዳሰሰ። ኪሱ በግራ ነው። ሌባ የገባበት ይመስል እንደገና ዳሰሰው። “እማማ፣ ያኔ ልብስ ሰፊው እንዲህ ነበር እንዴ የሚሰፋው?”

“ልብስ ሰፊውስ ደህና ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።”

ከቆርቆሮው ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለውን ፊልም አወጣች፤ ዳር ዳሩን ብቻ ይዛ ወደ ብርሃኑ አነሳችው። አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ አገላብጣ አሳየቻቸው። ፊልሙ ላይ ያለው ትንሹ በያጁ በግራው መታ፤ ዞረና በቀኙ መታ። መልእክተኛው በሩ ላይ እንደነበር፣ እጇ እንደተንቀጠቀጠ ነገረቻቸው። በያጁ ሳቀ ብቻ አለች፤ ያለውን አልነገረቻቸውም፤ እሱን ለራሷ አስቀረችው።

ድንቢጥ ፎቶውንና አያቷን እያፈራረቀች አየች። “ሁለት ዓመት!” አለች። “ሁለት ዓመት ሙሉ በሌለ እጅ ስደበደብ!”

“እኔ አንቺን መቼ አይቼሽ አውቃለሁ?”

“እኮ! ለምንድነው አይተሽኝ የማታውቂው?”

እቴቴ ፊልሙን መልሳ በወረቀቱ ጠቀለለች። ከዚያ፣ “አንቺስ ግራኝ ነኝ ብለሽ ለምን ዋሸሽ?” አለች።

አሠልጣኙ አፍንጫውን እያሻሸ በመካከላቸው ቆመ። “እኔን ነው የገደላችሁኝ” አለ። “አያት በፎቶ፣ የልጅ ልጅ በአፍ። ነይ፣ ነይ ወዲህ።”

ጆንያው ፊት አቆማት። እግሯን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ግራውን አስቀደመ፣ ቀኙን ወደ ኋላ አስቀረ። እሱ ጆንያውን ከጀርባ አቅፎ ያዘ። “በይ። አታስቢ።”

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ድው!

አሠልጣኙ ከነጆንያው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ገመድ የሚዘሉት ሁሉ መዝለል አቁመው ዞሩ። እቴቴ አግዳሚ ወንበሩን ያዘች። ያን ፎቶ በሕይወቷ ስንት ጊዜ እንዳተመችው አታውቅም፤ ፎቶ ግን ድምፅ የለውም። ይህን ድምፅ ከሰማች አርባ ዓመት አለፈ።

“እናትዋን!” አለ አሠልጣኙ፤ ወዲያው እቴቴን አይቶ አፈረ። “ይቅርታ እማማ።” ከዚያ ወደ ድንቢጥ ዞረ። “ቅዳሜ አትገጥሚም። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ማጣሪያ አለ፤ እስከዚያ እንደ ጀማሪ ከእግር እንጀምራለን።” የግድግዳውን ፎቶ አነሳ። “ይሄንንስ ምን እናድርገው እማማ? አስተካክለው ያትሙልናል?”

እቴቴ መልስ ከመስጠቷ በፊት ድንቢጥ ጣልቃ ገባች። ላቧ በአገጯ ይወርዳል፤ ጓንቷን በጥርሷ ልታወልቅ እየታገለች ነው።

“ተወው እንደነበረ ይሰቀል” አለች። “ሁለቴ ሲያሸንፉኝ ሁሉም አይተውኛል። ግራዬን ሲጠብቁ ይኑሯ!”

እቴቴ አፏን በመሐረቡ ሸፈነች። ከንፈሯን ነክሳ ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ አብሯት የሚነክስ ከሞተ ቆይቷል። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። አሠልጣኙ አመማት ብሎ ውሃ ሊያመጣ ሮጠ።

“ምን ሆንሽ እቴቴ? ምን አልኩ?”

“ምንም አላልሽም” አለች ዓይኗን እየጠረገች። አግዳሚው ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋንም አጠገቧ አኖረች፣ ቶሎ እንደማይነሳ ሰው። “ግራሽን ግን ስትመቺ ታወርጂዋለሽ፤ አይቼሻለሁ። ፊትሽን ሸፍኚ! ደሞ ላብሽ ሳይደርቅ ብትወጪ ወየውልሽ፤ ሻርፑን ይዤዋለሁ።”