የኦሪን ፓውደር

ዴልበርት ሃውክ በተኩስ ክበብ ባልደረባው በኦሪን መቅናት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። በሚስቱ ቢሆን ሰው ይረዳለት ነበር፤ በመኪናው ቢሆንም ያባት ነው። እሱ ግን የሚቀናው በጠመንጃው መንሸራተት ነበር።

የኦሪን ጠመንጃ ሲተኮስ፣ ጠረጴዛው ላይ በተደገፈባቸው የአሸዋ ከረጢቶች ላይ ቅቤ እንደተቀባ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በአንድ ጣት ሲገፉት ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። የዴልበርትን ግን የኋላው ከረጢት ሰደፉን ጨምድዶ ይይዝበታል። ሲጥ ይላል፣ አፈሙዙም ሽቅብ ይዘላል። አምስት ጥይት በአንድ ቀዳዳ ማሳለፍ በሚፈለግበት ውድድር ደግሞ ይህቺ ዝላይ ሰውን ከአንደኝነት ታወርዳለች። በፔንሲልቫኒያው ክበባቸው ግድግዳ ላይ የየዓመቱ አሸናፊ ስም የሚቀረጽበት ሰሌዳ አለ። ኦሪን፣ ኦሪን፣ አሁንም ኦሪን ይላል። ዴልበርት አንድም ቦታ የለም። ዘንድሮ ካልገባ ደግሞ አበቃለት፤ የዓይን ሐኪሙ «የከርሞን እኔ አላውቅም» ብሎታል።

የጥቅምቱ የመጨረሻ ውድድር ዕለት ጠዋት ዴልበርት ከረጢቶቹን በቤት ዕቃ መወልወያ ስፕሬይ አርሶ መጣ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ቀባህበት?» አለው ኦሪን እያሸተተ። «የሚስትህን ሽቶ ነው?»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

«እሺ ጌታዬ!»

እስከ ምሳ ሰዓት በፀጉር ስንጥቅ ልዩነት ኦሪን ይመራ ነበር። ሰው ሁሉ ሆት ዶግ ሊበላ ሲሄድ ዴልበርት ወደ ኋላ ቀረ። የኦሪን ጠረጴዛ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለች ቆርቆሮ ተቀምጣለች። ኦሪን ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ከእሷ ቆንጥሮ ከረጢቱ ላይ ሲነሰንስ ስንት ዓመት በጎሪጥ አይቶታል! በዚያ ክበብ የጠየቀ አያጣም፤ መፍቻም ቢሆን፣ ጠመንጃም ቢሆን ያውሱሃል። ዴልበርት ግን ኦሪንን ለምኖ ከሚያሸንፍ ሞቱን ይመርጣል። መስረቁ አልከበደውም። ግራ ቀኝ አየና ቆርቆሮዋን ከፈተ፤ ሁለት እፍኝ ሙሉ ነጭ ፓውደር የራሱ ከረጢት ላይ አፈሰሰ።

የመጀመሪያው ጥይት ሲተኮስ ጠመንጃው ሸርተት አለ። የዴልበርት ልብ በደስታ ዘለለች። ሁለተኛውም ያንኑ ቀዳዳ አገኘ። በሦስተኛው ሰደፉ ከረጢቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ጥይቱም አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ወጣ። ዴልበርት ከረጢቱን ቢዳስሰው ሊጥ ሆኗል። ስፕሬይ በጠጣ ቆዳ ላይ ፓውደር መነስነስ ጀማሪ እንኳን የማይሳሳተው ነገር ነው፤ ቅናት ግን ዓይን ያሳውራል።

ኦሪን እንደገና አሸነፈ። እጅ ከጨበጡት በኋላ ወደ ዴልበርት ጠረጴዛ መጣና ነጩን ሊጥ በጣቱ ነካው። ዴልበርት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ምነው ብትጠይቀኝ?»

 ሰውዬው አለመቆጣቱ የዴልበርትን አንጀት ይበልጥ አሳረረው።

«ደግሞስ የማንን ነው የምትሰርቀው?» አለና ኦሪን ከቆርቆሮዋ ላይ ፕላስተሩን ላጠው። ከሥሩ በሚስማር የተጫሩ ሁለት ፊደላት አሉ፦ ዴ. ሃ.

ያኔ ትዝ አለው። ኦሪን በተውሶ ጠመንጃ መጀመሪያ የመጣ ቀን ይህችን ቆርቆሮ የሰጠው ራሱ ዴልበርት ነበር። «ከረጢትህ ደረቅ ይሁን፣ ፓውደር ቆንጠር አድርግበት፣ ሌላ ምንም አትጨምር» ብሎ እንደ ትልቅ ሰው መክሮታል። ኦሪን ምክሩን ይዞ ኖረ፤ ቆርቆሮዋን ባለቀች ቁጥር እየሞላ። መካሪው ግን አዲስ ስፕሬይ፣ አዲስ ሰም፣ አዲስ ቴፕ በወጣ ቁጥር እየገዛ ዓመታቱን ፈጀ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል።

«እኔ እኮ ሰልችቶህ የተውከው መስሎኝ ነበር» አለ ኦሪን። «እንካ፣ ያንተው ናት። ለፀደዩ ውድድር ግን ታውሰኛለህ።»

«አላውስህም» አለ ዴልበርት።

ኦሪን ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። ዴልበርት ቆርቆሮዋን ጃኬት ኪሱ ከተተና ዚፑን እስከ ጫፉ ዘጋው።