ላይኞቹ መላእክት

ያምሮት ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፎቶ ቤት አላት። አባቷ፣ እንጨት ጠራቢው ገነነ፣ በኅዳር ሲሞቱ አላለቀሰችም። ለለቀስተኛው ወንበር ደረደረች፣ ውሃ አቀረበች፣ ሣልስቱ እንዳለፈ ሱቋን ከፈተች። ሰው «ጠንካራ ናት» አላት። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም ስላልተሰማት ነው።

አርባቸው ከወጣ በኋላ መምሬ ክንፈሚካኤል ከቡሬ ገጠር ደወሉላት። አባቷ ከሃያ ዓመት በፊት የቀረጹትን የቤተ ክርስቲያናቸውን በር ምስጥ በልቶታል፤ ሌላ ጠራቢ አስመስሎ እንዲሠራው ፎቶ ይፈለጋል።

ስትደርስ ፀሐይዋ በሩን ፊት ለፊት መትታዋለች። ያነሣችው ፎቶ ላይ በሩ ልሙጥ ሳንቃ መሰለ።

«አባ፣ ነቅለን ወደ ጎን ብናዞረውስ? ብርሃኑ ከጎን ሲያርፍበት ነው ቅርጹ የሚነሣው።»

መምሬና አንድ ዲያቆን በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ይዘው ከግንቡ ሲያስደግፉት ወገቧ ያዛት። ፎቶ ማንሣቷን ግን ቀጠለች። አሁን ጊዮርጊስ ከነፈረሱ፣ ሐረጉ፣ መስቀሉ ጎልተው ወጡ። ከላይ ያሉት መላእክት ግን ጭረት ብቻ ነበሩ።

«ዝናብ አጥቧቸው ይሆናል» አሉ መምሬ።

ያምሮት በጣቷ ዳሰሰቻቸው። መሮው የተወው ጠርዝ ገና ስል ነው። «ሲጀመርም ጠልቀው አልተቀረጹም፣ አባ።»

ዕቃዋን ለማንሣት ጎንበስ ብትል አልቻለችም። መምሬ ጎረቤት ወዳሉት ወጌሻ፣ ወደ እትዬ ደስታነሽ ወሰዷት። ወጌሻዋ መደብ ላይ በደረቷ አስተኝተው ወገቧን ቅቤ ቀቡት።

«የገነነ ልጅ ነሽ አሉ።»

«አዎ።»

«ያን በር ሲሠራ ቀኝ ትከሻውን እኔ ነበርሁ የማሸው። ክንዱ ከጆሮው በላይ አይወጣለትም ነበር። ላይኞቹን መላእክት በግራ እጁ ነው የቀረጻቸው።»

«አሞኛል ብለውን አያውቁም።»

«ለማን ይበል? እናንተ ሕፃናት ነበራችሁ።»

አውራ ጣታቸው አከርካሪዋን ተከትሎ ወረደ። ሕመሙ ተሰማት። ልታለቅስ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

ስትነሣ ትከሻውን የታመመ ዳኘው የሚባል ገበሬ ተራ ይጠብቅ ነበር።

«እትዬ፣ እሱን ሲያሹት ፎቶ ላንሣ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«አባቴን እንዴት ያሿቸው እንደነበር ልየው።»

ወጌሻዋ ገበሬውን አዩት። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ያምሮት ጎኑን ለቤቱ በር ሰጥቶ እንዲቀመጥ አደረገች። በበሩ የገባው ብርሃን ጅማቱን ከትከሻው ላይ አነሣው፤ አውራ ጣታቸው የተጫነበት ቦታ ጥላ ቋጠረ። ደጋግማ አነሣች።

የበሩን ፎቶ አትማ ከላከች በኋላ አዲሱ ጠራቢ ደወለላት።

«ላይኞቹን መላእክት ላጥልቃቸው፣ ወይስ እንዳሉ ይሁኑ?»

«እንዳሉ ይሁኑ።»

«የተበላሹ ይመስላሉ እኮ።»

«አባቴን ትከሻቸውን አሟቸው ነበር» አለች። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ጠራቢው «እሺ» አላት። ስልኩን ዘግታ ጉርድ ፎቶ ለመነሣት ወደተቀመጡት ሽማግሌ ዞረች።

«አገጭዎን ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ» አለቻቸው።